ሀላኬና ሽቦው ውስጥ የተቆፈረው ጉድጓድ

ሀላኬ ጣዲቻ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ እቃ ቤት ሆኜ ጠዋት ጠዋት አካፋና ዶማ እሰጠው ነበር፤ ማታም እቀበለዋለሁ። ስለዚህ ብዙ የማውቀው ነገር የለም። ያየሁትን ነው የምጽፈው። ያላየሁትን ደግሞ ሚስቱ ጉያቱ ነግራኛለች።

የተወለደው ሊበን ውስጥ ነው፤ ከነገሌ በእግር የአንድ ቀን መንገድ ይሆናል። ዕድሜውን አያውቅም። ጣሊያን ሲወጣ ጢሜ ወጥቶ ነበር ይላል። አባቱም ቆፋሪ ነበር። የቦረና ጉድጓድ፣ ኤላ የሚሉት፣ በጣም ጥልቅ ነው። ሰዎች ከታች እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ይቆሙና ባልዲ እየተቀባበሉ ውሃ ያወጣሉ፤ እያወጡም ይዘፍናሉ። ከብቱ ዘፈኑን ሰምቶ ነው የሚመጣው። ሀላኬ ድምፁ ጥሩ ስለነበረ ከላይ ያቆሙት ነበር። ኋላም አባ ሄሬጋ ሆነ፤ የተራ አባት ማለት ነው። ዛሬ የማን ከብት ይጠጣል፣ ነገ የማን ይጠጣል የሚለውን የሚወስን እሱ ነው። አራት ዓመት ተራ ሲያስይዝ አንድም ቀን ሰው በበትር አልተማታም ብለው ያወሩለታል። እሱ ግን ሁለት ጊዜ ተማትተዋል ብሎኛል።

ወንድሙ ሲሞት የወንድሙን ሚስት ዲንቄን ይዞ ወደ ነገሌ ዳር መጣ። ዲንቄ ስድስት ላሞች ነበሯት፤ ወተት ለከተማ ትሸጣለች። እሱና ጉያቱ አሥራ አራት ነበራቸው። ከብት ያለው ሰው ለምን የቀን ሥራ እንደገባ ጠይቄው አላውቅም። እጁ ዶማ ሳይዝ መዋል አይችልም ነበር መሰለኝ።

በዕድሜ ስለሚበልጠኝ በመጀመሪያ አንቱ አልኩት። ወደ ኋላው ዞሮ አየና «ስንት ሰው ነኝ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ እለዋለሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ አውሮፕላን የሚያርፍበት የወታደር ሜዳ አለ። በእሾህ ሽቦ የታጠረ ነው። መግባት ክልክል፣ ፎቶ ማንሳት ክልክል የሚል ሰሌዳ አለው። በስሙ የሚጠራው የለም፣ ሽቦው ነው የምንለው። ከሱማሌ ጋር ጠብ በሆነ በዓመቱ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ሲሚንቶ የጫኑ መኪኖች ሽቦው ውስጥ ይገቡ ጀመር። ሰውም ማውራት ጀመረ።

ወሬው የሚሰማው በድሪያ ሻይ ቤት ነው። በድሪያ ራሷ ትቀዳለች፣ ራሷም ታወራለች። ዓብዱልመጂድ የሚባል የጨውና የጨርቅ ነጋዴ ጠዋት ከመጣ እስከ ምሳ ከዚያ አይነሳም።

«ዘይት ተገኝቷል» አለ ዓብዱልመጂድ። «የመሬት ዘይት።»

«ሲሚንቶ ለዘይት ምን ያደርጋል?» አለችው።

«ለመድፈን ነዋ! ገዢ እስኪመጣ ይደፈናል።»

«እኔ የሰማሁት እስር ቤት ነው። ከአዲስ አበባ ትልልቅ ሰው አምጥተው ሊያስሩበት ነው አሉ።»

«ትልልቅ ሰው ለማሰር እዚህ ድረስ ነዳጅ ምን አስፈጃቸው?»

«እዚህ ማሰሪያም አያስፈልጋቸውም፤ አውርደው ቢተዋቸው ይበቃል» አለችና ሁሉም ሳቀ።

አንድ የመኪና ሾፌር ደግሞ አውሮፕላኖቹ ከመሬት ሥር ሊገቡ ነው፣ ከላይ እንዳይታዩ፣ አለ። «እንደ ከርከሮ?» አለው ዓብዱልመጂድ። ሾፌሩ ተቀየመና ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

እኔ ጥግ ላይ ነበርኩ። ሽቦው ውስጥ እንደምሠራ ያውቃሉ፤ ግን አይጠይቁኝም። የምመልስ ሰው አልመስልም።

ሥራ የጀመርን ቀን ሻምበሉ አሰልፎ አንድ ወረቀት አነበበልን። ያየነውን ለሰው ብንናገር፣ ለሚስትም ቢሆን፣ እስር ነው ይላል። ከዚያ ሠራተኛው በየተራ አውራ ጣቱን ቀለም እያስነካ አተመ። እኔ ስሜን ጻፍኩ። ሀላኬ ካተመ በኋላ ሻምበሉን «አንተ፣ ይኼ መሐላ ነው?» አለው። ሻምበሉ አንተ መባሉ ሳይከነክነው አልቀረም፤ ሆኖም «አዎ፣ መሐላ ነው» አለ። «እንግዲያ ወረቀቱ አያስፈልግም ነበር» አለ ሀላኬ፤ ጣቱንም በሣር ጠረገ።

ሥራው ቁፋሮ ነበር። አንድ ትልቅ ጉድጓድ። ለምን እንደሆነ ካቦው ሸዋንግዛውም በደንብ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ወረቀት ላይ የተሳለውን ነው የሚያስቆፍረው።

ቁፋሮው በተጀመረ ዕለት በሬ ታረደ። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ቦረና ኤላ ሲያስቆፍር በሬ ያርዳል። ጎሣው ያዋጣል፣ ቆፋሪው ሥጋ እየበላ ይቆፍራል። ለቤት መሠረት ወይ ለሽንት ቤት በሬ የሚያርድ ሰው የለም። ለቆፋሪ በሬ ከታረደ የሚፈለገው ውሃ ነው። ሀላኬ የጎድን አጥንቱን ይዞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ሲበላ አየሁት። ፊቱ የሌላ ሰው መሰለኝ።

በሬው የታረደው ግን ለሌላ ነው። ያን ሳምንት ሻምበሉ ከመቶ አለቃነት ሻምበል ስለሆነ ለማዕረጉ ደስታ ነው ያሳረደው። እኔ አውቅ ነበር፤ ቢላዋውን ከእቃ ቤት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሀላኬ አልጠየቀኝም። እኔም ሳልጠየቅ መናገር ይከብደኛል። ደግሞ እሱ ምን እንዳሰበ በዚያን ሰዓት አልገባኝም ነበር።

በኋላ እንደነገረኝ ሌላም ምልክት አይቷል። የጉድጓዱ መግቢያ ሰፊ ሆኖ እየተዳፋ ይወርዳል። ለመኪና ነው፤ የኤላም መግቢያ እንደዚሁ ነው፣ ከብቱ ወርዶ እንዲጠጣ። ራቅ ብሎ ደግሞ በሲሚንቶ ረጅም የከብት መጠጫ ገንዳ የመሰለ ነገር ተሠራ። ሀላኬ ገንዳውን አየና ጨርሶ አመነ። ለሰው ግን አልተነፈሰም።

ያን ዓመት ቦናው፣ ደረቁ ወራት ማለት ነው፣ ክፉ ነበር። የጥቅምቱ አጭር ዝናብ ሳይጥል ቀረ፤ በከተማው ዙሪያ ያሉት ኩሬዎች በጥር ጭቃ ሆኑ። እንዲህ ሲሆን ሰው ከብቱን ይዞ ወደ ዳዋ ወንዝ ይሄዳል። ብርቱ ከብት በሦስት ቀን ይደርሳል፤ የደከመ አምስትም ስድስትም ይፈጅበታል፣ ያውም ከደረሰ። ስለዚህ የሚሄድ ሰው ላሙ አቅም ሳላት መነሳት አለበት። የዘገየ ሰው መንገድ ላይ ጥሎ ነው የሚሄደው። ዳዋ ደግሞ ማንም ወዶ አይሄድም፣ ዝንብ አለ፣ አዞ አለ።

ሀላኬ እንዲህ አሰበ። ሽቦው ውስጥ ውሃ ይወጣል። በቦረና የቆፈረ ሰው ተራ አለው፤ ወታደርም ቢሆን ጉድጓዱን የቆፈረለትን ሰው ከብት አያስጠማም። ስለዚህ ላሞቹን ወደ ዳዋ አልላከም። ጉያቱ ከከተማው ጉድጓድ በባልዲ እየቀዳች በሁለት ቀን አንዴ ታጠጣቸዋለች።

ስለ ሽቦው የሚጠይቀው አልነበረም፤ እንደማለ ሁሉም ያውቃል። ሰላምታን የሚከለክል ወረቀት ግን የለም። የዚህ አገር ሰላምታ ደግሞ ከብት ሳይጠይቅ አያልፍም።

«ሀላኬ፣ ናጋ?»

«ናጋ።»

«ሎን ናጋ? ከብቶቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«የት ናቸው ታዲያ?»

«እዚሁ።»

ይኼው ነው። ሰላም ብለውት ይሄዳሉ። ግን ሽቦው ውስጥ የሚቆፍር ሰው፣ ያውም አባ ሄሬጋ የነበረ፣ በእንዲህ ያለ ቦና ከብቱን ዳዋ ካልሰደደ ያወቀው ነገር አለ ማለት ነው። በሳምንት ውስጥ በድሪያ ሻይ ቤት የዘይቱም የእስር ቤቱም ወሬ ቀረ።

«ውሃ ነው» አለ ዓብዱልመጂድ። «ከመጀመሪያውም ብያለሁ።»

«አንተ ዘይት ነበር ያልከው» አለችው በድሪያ።

«ሁለቱም ከመሬት ነው የሚወጣው፣ ምን ታካብጃለሽ?»

ዲንቄ አንድ ቀን ሀላኬን ከሥራ ሲወጣ በሩ ላይ ጠበቀችው። እኔም አብሬው እየወጣሁ ነበር። ዘመዶቿ በማግስቱ ወደ ዳዋ ሊነሱ ነው።

«አብሬያቸው ልሂድ ወይስ ልቆይ?» አለችው።

«አፌ የራሴ አይደለም» አላት።

«አፍህን ማን ጠየቀህ? እኔ የማየው ላሞችህን ነው።»

ሀላኬ መንገዱን ቀጠለ። እሷም ቀረች። ሌሎችም ቀሩ፤ አሥር ቤት ይሆናሉ፣ ምናልባትም ይበልጣሉ።

የካቲት አለቀ። የላሞቹ ጎድን ከሩቅ ይታይ ጀመር። ጉድጓዱ የአምስት ሰው ቁመት ሆነ። አፈሩ መጀመሪያ ቀይ ነበረ፣ ከዚያ ነጭ ሆነ። ሀላኬ በጣቱ እየፈተገ ያሸተዋል። እርጥበት የለውም። «ይመጣል» ይላል ለራሱ፤ እኔ መስማቴን ማወቁን እንጃ።

አንድ ሐሙስ ካቦው ቁፋሮ ይብቃ አለ። ሲሚንቶ ተቦክቶ ወደ ታች ወረደ፤ የጉድጓዱን ወለል መድፈን ተጀመረ። ሀላኬ ዳገቱን ወጥቶ ካቦው ጋ መጣ።

«ካቦ፣ ውሃው ገና አልመጣም እኮ።»

«የምን ውሃ?»

«የጉድጓዱ ውሃ።»

ሸዋንግዛው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አይ ሀላኬ! እኛ ውሃ ጠብ እንዳይልበት ነው የምንደፍነው፣ አንተ ውሃ ትጠብቃለህ?» ሌሎቹንም ጠርቶ ነገራቸው። የከተማ ልጆች የሆኑት ሳቁ። ቦረናዎቹ አልሳቁም፤ እነሱም እንደሱ ሲጠብቁ የቆዩ ናቸው።

ሀላኬ ወደ እቃ ቤት መጣ። ሰዓቱ ሳይደርስ አካፋውን መለሰልኝ።

«ቢረሳው፣ በሬው ለምን ታረደ?» አለኝ።

«ለሻምበሉ ሹመት ነው» አልኩት።

«ያኔ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ይቆጣኛል ብዬ ነበር። «ለካ አንተም ፈርመሃል» አለኝ። እኔ ዝም ያልኩት በፊርማው ምክንያት አልነበረም። ይኼንንም አልነገርኩትም።

የዚያን ቀን ቤቱ ሲገባ ጉያቱ ፊቱን አይታ ነገሩን አወቀች። የተባባሉትን እሷ እንደነገረችኝ ነው የምጽፈው።

«ነገ እንነሳለን» አላት።

«ነገ ለምን? የሚቀረው ሰውስ? አንተን ብለው አይደለም የተቀመጡት? ንገራቸው።»

«ምያለሁ።»

«ዲንቄ የሙት ወንድምህ ሚስት ናት።»

«ለዲንቄም አልናገርም። ዲንቄ የምታየው ላሞቼን ነው።»

«እንግዲያ አሳያት!» አለችው ጉያቱ። ይኼን ስትል ተናዳ እንጂ አስባ አልነበረም። ሀላኬ ግን አሰበበት፤ ለዚህ ብሎ የቅዳሜውን ገበያ ሊጠብቅ ዓርብን ዋለ። አንድ ቀን መዋል በዚያ ሰዓት ቀላል አልነበረም።

ወደ ዳዋ የሚወስደው የከብት መንገድ ከከተማው ጀርባ ነው። ገበያ መሐል ከብት መንዳት ክልክል ነው፤ የተገኘ ይቀጣል። ሀላኬ ቅዳሜ፣ ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት፣ አሥራ አራቱን ላሞች በገበያው መሐል ነዳቸው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምንሠራው፤ ስለዚህ እኔም ነበርኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ ጠፋ እንዴ? ሽንኩርቴን!» አለች ማሚቴ የምትባል ነጋዴ።

«ላም ሽንኩርት አትበላም፣ እናቴ።»

«ትረግጠው የለም እንዴ! ተመልከት፣ ተመልከት!»

ላሞቹ ከመድከማቸው የተነሳ ዱላም አያስፈልጋቸውም፤ ዝም ብለው በሰው መሐል ይሄዳሉ። መጀመሪያ ጩኸት ነበር። ከዚያ ቦረናዎቹ የማን ከብት እንደሆነ አዩና ገበያው ጸጥ አለ። አንድ ሽማግሌ «ሀላኬ፣ ወዴት ነው?» አለው። ሀላኬ ቀና ብሎ አየውና አለፈ። ከኋላ የምትነዳው ጉያቱ ግን ምንም ወረቀት ላይ አላተመችም።

«ዳዋ!» አለች ጮክ ብላ።

ዲንቄ ወተት ተራ ተቀምጣ ነበር። ተነስታ የወተት ጮጮዋን አጠገቧ ላለችው ሴት ሰጠችና ወደ ቤቷ ሄደች። አልሮጠችም፣ ግን ነጠላዋን መሬት እየጎተተች ነበር። ከቀትር በኋላ በዳዋ መንገድ አቧራ ብቻ ነበር የሚታየው። በድሪያ በሯ ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና «ውሃውም ቀረ» አለች። ዓብዱልመጂድ ሻይ አዘዘ።

እሑድ ወታደሮች በጂፕ ሄደው ሀላኬን ከመንገድ መለሱት። ከብቱን ጉያቱ ይዛ ቀጠለች። ሰኞ ሻምበሉ ፊት ሲያቀርቡት እናቴ የዚሁ አገር ሰው ስለሆነች ላስተረጉም ተጠራሁ። ማስተርጎም አላስፈለገም፤ በአማርኛ ነው የመለሰው።

«ምን ብለህ ተናገርክ?» አለው ሻምበሉ።

«ምንም። ከብቴን ነዳሁ።»

«በገበያ መሐል ለምን?»

«አቋራጭ ነው።»

«አይደለም! እኔ መንገዱን አላውቀውም መሰለህ?»

«ለሰው አይደለም። ለከብት አቋራጭ ነው።»

ሻምበሉ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ገበያው ውስጥ ነበርክ አሉ። ከአፉ ቃል ወጥቷል?»

«ላም ሽንኩርት አትበላም ሲል ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ» አልኩ። «ሌላ አልሰማሁም።»

ሻምበሉ ሳቁን ለመያዝ ወደ መስኮቱ ዞረ መሰለኝ። ይሁን እንጂ ሀላኬን አሥራ አንድ ቀን አሰረው፣ ከሥራም አስወጣው። እዚያው ከእቃ ቤቱ አጠገብ ባለች ክፍል ነበረ። ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ ውሃ አቀብለዋለሁ። የሚያወራው ይበልጡን ስለ መንገዱ ነው። ዛሬ እዚህ ደርሰዋል፣ ነገ እዚያ ይደርሳሉ ይላል፤ የትኛዋ ላም ቀድማ እንደምትተኛም ያውቃል።

ሲፈታ በእግሩ ሄደ። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ ዳዋ ደርሰው አገኛቸው። የዲንቄ ደግሞ ከስድስቱ አንዲት ብቻ ደርሳለች፣ ላሟም በደረሰች በሁለተኛው ቀን ሞተች። ቅዳሜ የተነሱት ሌሎቹ ቤቶች ግማሹን ያህል አድርሰዋል። ቅዳሜ ያልተነሱ፣ እንደገና ወሬ ይጣራ ብለው የቆዩ ሁለት ቤቶች ነበሩ፤ የነሱን አላወራውም።

ወንዙ ዳር ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ዲንቄ ከሰሰችው። «ሰባት ሳምንት ላሞቹን እያየሁ ተቀመጥኩ» አለች። ሽማግሌዎቹ ሰው የራሱን ከብት የትም ቢያቆም አይጠየቅም፣ ደግሞም አልተናገረም አሉ። ሀላኬ ነው ያልተስማማው።

«የት ናቸው ሲሉኝ እዚሁ ናቸው እል ነበር» አለ። «እዚሁ ናቸው ስል ለምን እንደሚጠይቁኝ አውቅ ነበር። ተናግሬያለሁ።»

ከዘጠኙ ሦስት ላሞች ለዲንቄ ሰጠ፤ አንዷ ጥጃ ያላት ናት። ጉያቱ በዚህ በጣም ተናደደች። ለእኔ ስትነግረኝም ንዴቷ ገና አልወጣላትም። «ከሻምበሉ ጋር ሲከራከር አንድ ቃል አልተናገርኩም አለ፣ ከሽማግሌ ጋር ሲከራከር ተናግሬያለሁ አለ!» ትለኛለች።

ሽቦው ውስጥ ምን እንደተሠራ እኔ አላውቅም። ጉድጓዱ ከላይም ተደፈነ፣ አፈር ተመለሰበት፣ ሣር በቀለበት። ነዳጅ ማስቀመጫ ነው ያለኝ አለ፤ ጥይት ነው ያለኝም አለ። እስከ መጨረሻው ቀን አካፋ ስሰጥ ነበርኩ።

ሀላኬ ወደ ከተማ አልተመለሰም። ዝናቡ በሚያዝያ እስኪገባ እዚያው ዳዋ ዳር ነበሩ። ጥጃ ያላት ላም ለዲንቄ እጅ አልታለብ አለች። ጡቷን ስትነካት ትራገጣለች፣ ወተቷን ትይዛለች። ላሟ የምታውቀው የጉያቱን እጅና ውሃ ሲወጣ የሰማችውን የሀላኬን ድምፅ ነው። ጉያቱ ሄዳ እንድታለምድላት ሲጠይቋት እምቢ አለች። ስለዚህ ሀላኬ ጠዋት ጠዋት ዲንቄ በረት እየሄደ ከላሟ ራስ አጠገብ ቆሞ፣ ከብት ሲጠጣ የሚዘፈነውን ዝቅ አድርጎ ይዘፍናል። ዲንቄ ታልባለች። ሰላምታም አይለዋወጡም። አልባ ስትጨርስ እሱ ይሄዳል።

እንዲህ እያሉ ሃያ ቀን ያህል ሆነ። አንድ ጠዋት ዲንቄ ከላሟ ሥር ቀና ሳትል «ነገ አትምጣ» አለችው። «ለምዳኛለች።»

ሀላኬ ዘፈኑን እስኪጨርስ ቆይቶ ሄደ።